ያልወለድኩት ልጅ

ማክሰኞ

ዛሬም ገንፎ። መሃሉ ላይ የቅቤ ኩሬ፣ ዳሩ ላይ በርበሬ። ጠዋት ገንፎ፣ ከሰዓት አጥሚት፣ ማታ የገብስ ሾርባ። በቃኝ ስላት እማዬ ማንኪያውን ራሷ ይዛ አፌ ውስጥ ትከተዋለች። አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጥርስ አለኝ። እጅም አለኝ፣ ግራው ባይሰራም።

ከጅማ ከተመለስን ሳምንት ሊሆነን ነው። ግራ ጡቴን እዚያ ትቼው መጣሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ጃንጥላ የረሳሁ ነው የሚመስለው። ዶክተሩ ዕጢው በጣም ስላደገ ጡቱን ማትረፍ አልተቻለም አለን። ውጤቱ ክፉ አይደለም፣ ግን ተመልሶ እንዳይመጣ በየጊዜው እየመጣሽ ትታያለሽ አለ። እማዬ "ክፉ አይደለም" የሚለውን ብቻ ሰምታ መሬት ሳመች። እኔ ሌላውንም ሰምቻለሁ።

ዶክተሩ እጅሽንም አንቀሳቅሺ ብሏል። ግድግዳ ላይ ጣትሽን እያስኬድሽ ወደ ላይ ውጪ፣ አለበለዚያ ትከሻሽ ይደርቃል። እማዬ ግን ስፌቱ ይተረተራል ብላ ክንዴን ከጎኔ ጋር በነጠላ ታስረዋለች። ጋቢ ደርባ ከመጋረጃ ጀርባ አስተኝታኛለች። መስኮት አይከፈትም፣ ብርድ ይመታኛል። በር ላይ አልቀመጥም፣ ዓይን ይበላኛል።

ቅድም ተደብቄ ነጠላውን ፈታሁና ፀጉሬን ላበጥር እጄን አነሳሁ። ጆሮዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። እንደ ዛገ ማጠፊያ።

ጮህኩባት። አለቀሰች። ገንፎውን በላሁ።

ረቡዕ

እትዬ ብርቄ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፣ አጥራችን አንድ ነው። እኛ ቤት ድስት ሲከደን እሳቸው ቤት ይሰማል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ገቡና ገና ከበሩ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ።

እንዴ! ይሄ እኮ የወለደች ሴት ነው የሚባለው። የታመመን "እግዚአብሔር ይማርሽ" ነው የሚሉት። አፋቸው ስቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ተቀምጠውም አላረፉም። አልጋውን አዩ። ጥጉን አዩ። ጋቢዬ እብጥ ያለበትን ቦታ ሁሉ በዓይናቸው ፈተሹት። ከዛ ወደ እማዬ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ "ተኝቷል?"

እማዬ ውሃ ላምጣላችሁ ብላ ወጣች። ውሃ ማንም አልጠየቃትም።

ከሰዓት ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ። እነሱም ማርያም ማረችሽ። ከዛ አብራኝ ትማር የነበረችው መስከረም በስልክ መልእክት ላከች፣ ስንት ወር ድምጿን አጥፍታ። "ወንድ ነው ሴት?"

ያኔ ነው የገባኝ። እስቲ እንደነሱ ላስብ፦

ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ።
ወራት ሙሉ በወንድ ሹራብ የተሸፋፈነች።
ድንገት ከእናቷ ጋር ጅማ የጠፋች።
ተጠቅልላ ተመልሳ ከመጋረጃ ጀርባ የተኛች።
በጾም ቀን፣ በረቡዕ፣ ቅቤ የምትበላ።

እኔም ብሆን ወለደች ነው የምለው።

ሹራቡ ግን ለዕጢው ነበር። የዩኒፎርሜ ቁልፍ ደረቴ ላይ አልዘጋ ሲል ሹራብ ደረብኩ፣ ሹራቡም አልደብቅ ሲል ደብተር አቅፌ መሄድ ጀመርኩ። አስረኛ ክፍል ነበርኩ። የስፖርት መምህሩ ደብተሩን አስቀምጪና ሩጪ አለኝ። እምቢ አልኩ። ምን ደብቀሽ ነው አለኝ በክፍሉ ሁሉ ፊት። "ጭንቅላትህን፣ ስትፈልገው አልነበር?" አልኩት። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። ወላጅም አላመጣሁም፣ እኔም አልተመለስኩም። ለእማዬ ደረቴን ያሳየኋት ከዛ በኋላ ነው፣ ሕመሙ እንቅልፍ ሲከለክለኝ።

ለመስከረም "ዝሆን ነው" ብዬ መለስኩላት።

ሐሙስ

ክር ለማስወጣት ጤና ጣቢያ ሄድን። ባጃጁ ቁልቁለቱን እንደ ቀንድ አውጣ ነው የወረደው። ምን ሆነህ ነው ስለው ሹፌሩ፣ "አራስ ጭኜማ አላንገጫግጭም" አለ። እማዬን አየኋት። እሷ የመንገዱን ጭቃ ታያለች፣ አዲስ የወጣ ይመስል።

ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች በካፊኖኖ ስለኔ ያወራሉ። አማርኛ ብቻ የምችል መስሏቸዋል። ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግኩ ሰው! አንዷ ልጁን የት ጥላው ነው የመጣችው አለች። ዞርኩና በራሷ ቋንቋ "ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ላሳይሽ?" አልኳት። ተነስታ ወደ ሌላ ወንበር ሄደች። የሳምንቱ ብቸኛ ደስታዬ።

ሲስተር ፋሻውን ፈታችው። እስከ ዛሬ ፊቴን አዙሬ ነበር የማስጠርገው። ዛሬ አየሁት። ከብብቴ ተነስቶ ደረቴ መሃል ድረስ የተኛ መስመር፣ ቀላ ጠቆር ያለ፣ ግራና ቀኙ የክር ነጠብጣብ። ቡና የሞላ ጆንያ አፉ ሲሰፋ እንደዛ ነው። ቀኙ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሏል። ያስጠላኝ ቁስሉ አይደለም። ቀኙ ነው።

እጅሽን አንሺ አለች ሲስተር። ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ማነው ያሰራት ብላ እማዬን ተቆጣቻት። እማዬ፣ ሰፈር የምታንቀጠቅጥ ሴትዮ፣ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ አንገቷን ደፋች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ከዛ ሲስተር አዲስ አበባ ጡት እንደገና የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ አለች። ከጀርባ ሥጋና ቆዳ አዙረው ይሠሩታል፣ ወይም ሰው ሠራሽ ነገር ውስጡ ያስገባሉ። ቁስሉ በደንብ ከዳነ በኋላ ነው፣ ከፈለገች። እማዬ ቀና አለች። "ከዛ ይታወቅባታል?" ልብስ ከለበሰች አይታወቅም አለች ሲስተር። የእማዬ ፊት በራ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ይሰማኛል ወይ አልኩ። እንደ ድሮው አይሰማሽም፣ ለቅርጹ ነው አለችኝ። ከጀርባዬ ቆርጠው ለሰው ዓይን ደረቴ ላይ ሊለጥፉ። እኔ ልፈልገው እችላለሁ፣ ላልፈልገውም እችላለሁ። መጀመሪያ ግን እስቲ አንድ ሰው ይጠይቀኝ።

አርብ

ጠየቅኳት። ወለደች እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ እጇ አልቆመም። ታውቃለች። ከኔ ቀድማ ነው ያወቀችው። ገና ጅማ እያለን እትዬ ብርቄ ደውለው ጠይቀዋታል። ምን አልሻቸው? ዝም አልኩ አለች። ዝም! እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ከጎኔ ቱቦ ተንጠልጥሎ ደም ይወርዳል፣ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማ አስወለደችኝ።

ለምን አልኳት።

"የወለደች ልጅ ታገባለች" አለች። "ሰው ያማሻል፣ ከዛ ይሰለቸዋል። ልጁ አላደገም ይባላል፣ ያልቃል። ጡት የላትም ከተባልሽ ግን ማን ይረሳልሻል? ማን በርሽን ያንኳኳል?"

አስባበታለች። እሱ ነው የገደለኝ። ደንግጣ ወይ አፍራ ቢሆን እሺ። እሷ ግን እንደ ገበያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ መዝናለች።

እኔም አፌ አያርፍም፤ "አንቺስ ሁለቱም እያሉሽ ማን በርሽን አንኳኳ?" አልኳት።

አባዬ ቢታ ገነት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የሚሠራው። በወር አንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። ቢላውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። እንሰቱ ስር ቆማ በጀርባዋ አየኋት። ባልል ይሻል ነበር፣ ግን ብያለሁ።

አባዬ የሚያውቀው "ዕጢ ወጣላት" የሚለውን ብቻ ነው። የት ላይ ብሎ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። የሴት ልጁ ጡት ለአባት በስልክ አይወራም።

ዛሬም ቅቤ መጣ። ያልወለድኩት ልጅ ከኔ የበለጠ ተቀባይነት አለው። ለሱ ሰው ይመጣል፣ ለሱ ይመረቃል። ለኔ ጋቢና መጋረጃ።

ቅዳሜ

አባዬ ሳይታሰብ መጣ። ዝናብ አባርሮት፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ሰላም አላለኝም። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጠ፣ እግሩ ብቻ ይታየኛል። ሚኒባስ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሹፌሩ "ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያልዎት፣ አያት ሆኑ አሉ" ብሎት ኖሯል። መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም አለ።

ከዛ "የማን ነው?" አለ።

እኔን አይደለም፣ እማዬን ነው። እማዬ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ጠበቅኳት። እውነቴን ነው፣ ጠበቅኳት። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች። አባዬ ደግሞ ጠየቃት፣ አሁን ድምፁ ከፍ ብሎ። እሷ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

መጋረጃውን ገፍቼ ወጣሁ።

"ልጅ የለም። ጡቴን ነው የቆረጡት። ግራውን። ወንድ አልነካኝም፣ አልወለድኩም፣ ጡቴን ነው የቆረጡት።"

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ስለሚወርድ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። እትዬ ብርቄም እንዲሰሙ ፈልጌ ነው። ሰምተዋል። ከአጥሩ ወዲያ የሆነ ክዳን ሲወድቅ ሰማሁ።

አባዬ ደረቴን አየና ወዲያው ዓይኑን መሬት ጣለው። ተነሳ። ኮቱን አወለቀ፣ ምን እንደሚያደርገው ጠፋውና መልሶ ለበሰው። ከዛ "አሞሽ ነበር?" አለኝ።

መንገዱን ሁሉ ሊገድለኝ እያሰበ መጥቶ አሞሽ ነበር ይለኛል። ልሰድበው አፌ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። አዎ አልኩት። በጣም ነው አልኩት።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ ግልብጥ ብለው መጡ። አሁን ትክክለኛውን አሉ፣ "እግዚአብሔር ይማርሽ"። የፈለግኩት እሱን አልነበር? ተባለልኝ። ግን ዓይናቸው ከፊቴ እየተንሸራተተ ደረቴ ላይ ይወድቃል፣ ይደነግጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወድቃል። ትናንት ሕፃን ፍለጋ አልጋዬን የሚያስሱ ዓይኖች ዛሬ ሸሚዜን ያስሳሉ። የቱ ይሻላል? እንጃ።

እትዬ ብርቄ እንደ ለቅሶ ቤት ደረታቸውን ይዘው አለቀሱ። "እትዬ፣ አልሞትኩም እኮ" አልኳቸው። ይባስ አለቀሱ። አንደኛውን ስለ ሐሜታቸውም ያለቅሱ ይሆናል ብዬ ተውኳቸው።

እማዬ ምሳ አቅርባ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ፣ እትዬ ዘነቡ፣ እድሩን የሚሰበስቡት፣ ጉርሻቸውን እንደያዙ ራሳቸውን ነቀነቁና "አይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወልዳ ቢሆን ይሻላት ነበር" አሉ።

ልናገር ነበር። እማዬ ቀደመችኝ። ጎንበስ አለችና ትሪውን ከፊታቸው አነሳችው። ከሚበላ እንግዳ ፊት ትሪ! ለአንድ አፍታ እብደት የጀመራት መሰለኝ።

"ለማን ነው የሚሻለው?" አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። "ጡቷን ቆርጠው ልጄን ሰጡኝ። እኔ ሌላ አልፈልግም። የበላ ይነሳ።"

ተነሱ። እትዬ ዘነቡ ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ነበር፣ ይዘውት ወጡ መሰለኝ።

አርብ ዕለት ራሷ ያለችው ነው እኮ። ያው ነው። ከሰው አፍ ሲመጣ ነው የመረራት? ወይስ ስለ ቤቷ ክብር ነው? ወይስ ስለ እኔ? ትሪውን ይዛ ጓዳ ገባችና ብዙ ቆየች። ተከትዬ ልጠይቃት ነበር። ብትመልስልኝስ ብዬ ፈራሁ።

ሰኞ

አባዬ በጠዋቱ መኪና ተመለሰ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ጅማ የምወስድሽ እኔ ነኝ አለኝ፣ የጫማውን ክር እያሰረ፣ ሳያየኝ። ይምጣና እናያለን።

እማዬ ስለ ትናንቱ ምንም አላነሳችም። ስለ አርቡም። ይቅርታ የሚባል ነገር እኛ ቤት ሁለታችንም ጋ የለም። ገንፎ ግን አልመጣም። እንጀራ በሽሮ፣ በራሴ እጅ። ከዛ እሳቱ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ ዞር ሳትል፣ "ሂጂ ጨው ግዢ" አለችኝ።

በጠራራ ፀሐይ። እኔን። መስኮት እንዳይከፈትብኝ የምትጠብቅ ሴትዮ።

ጋቢ አልደረብኩም። ሹራብም። ቲሸርት ብቻ፣ ነፋሱ በግራ በኩል ከአጥንቴ ጋር እያጣበቀው። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ስደርስ ወሬው ተቋረጠ። ሁሉም። አንዱ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ የሆነ ነገር አለው። "ጮክ በል፣ ለኔም ይሰማኝ" አልኩት። ሞተሩን አስነስቶ ሰው ሳይጭን ሄደ። ቀና ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ማን አየሽ አለችኝ። ሁሉም አልኳት። ምን አሉ? ምንም።

እጄን አየች።

"ጨዉስ?"

ሱቁን አልፌው ሄጄ፣ አልፌው ተመልሻለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት፣ ከጅማ ወዲህ። ትንሽ ነው የሳቀችው፣ ከዛ ቶሎ ተቆጣች፣ ወጡ እሳት ላይ ነው ተመለሽ ብላ። እዚያው መንገድ፣ እዚያው ባጃጆች ጋ፣ ደግሞ። ጫማዬን እየፈለግኩ ነው ብያት ገብቼ ይሄን እጽፋለሁ። እየተጣራች ነው።

ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።