ክርስትና ያልተነሳችው ኮከብ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 9

ዛሬ አያ ንጉሤ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው አበባ ተማሪዬ ነበረች። አምና ከቴሌስኮፕ ፎቶዎች መሃል በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞር፣ ማንም ያላያት ትንሽ አለት ያገኘችው እሷ ናት። አሁን ዓረብ አገር ናት፤ ስልኳ ከተዘጋ ሰነበተ።

«መምህር፣ ያች ልጄ ያየቻት ኮከብ ስም ወጣላት?» አሉኝ።

«ገና ነው። ለጊዜው መለያ ቁጥር ብቻ ነው ያላት።»

ደነገጡ። «እስካሁን ክርስትና ሳትነሳ? ሴት እኮ በሰማንያ ቀኗ ነው!»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግሁት። «መንገዷ በደንብ እስኪታወቅ ዓመታት ይፈጃል፣ አባቴ። ዞራ እንደምትመጣ ሲረጋገጥ ነው ስም የሚወጣላት።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ብቻ ዞራ ትምጣ» አሉ፤ «ስምስ አላት።»