አውሮፕላኑ ለምሳ የት ይቆማል?

ይድረስ ለልጄ መቅደስ። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት ያስቻለን አምላክ የዱባዩንም ያብርድልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ማንጎዋ ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፍርታለች።

ጎረቤታችን ሾፌሩ ጋሼ ገብረሚካኤል ከዱባይ ቦሌ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ነው አሉኝ። «ለምሳ የት ይቆማል?» ብላቸው ሳቁብኝ። እሳቸው እኮ ደብረ ብርሃን ላይ ምሳ ሳያበሉን አዲስ አበባ አስገብተውን አያውቁም። አንቺ ለማንኛውም ስንቅ ያዢ።

ከሮቢት አዲስ አበባ ግን በእሳቸው አውቶቡስ ከነምሳው ስድስት ሰዓት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ልጄ ሩቅ ናት» እያልኩ ሳዝን፣ ለካ ሩቋ እኔ ነኝ።

ለፋሲካ ቦሌ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይዞ ያምጣሽ። ረዥሙን መንገድ እኔ እችለዋለሁ፤ አጭሩን አንቺ ነይልኝ።

እናትሽ ሸዋዬ