በጉባኤው ፊት ያነበብኩት ደብዳቤ

ኒው ላቨንሃም፣ ማሳቹሴትስ
ሰኔ 9 ቀን 1644

ለባለቤቴ ለአምብሮዝ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። እኔና ልጅህ ሲስሊ በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልልህ እጄ እስካሁን ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ወገቤም ቀና ማለት ትቷል። ዘንድሮ በቆሎውን ብቻዬን ነው የተከልኩት። በየጉብታው ለማዳበሪያ ሁለት ሁለት ዓሣ፣ በላዩ አራት ፍሬ፣ ከዚያ አፈር ማልበስ። አንተ እያለህ አንዳችን ስንቆፍር አንዳችን እንቀብር ነበር፤ አሁን ቆፋሪዋም ቀባሪዋም እኔ ነኝ። ሲስሊ ዓሣውን በቅርጫት ታቀብለኛለች። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ሊደርስ ነው።

ደብዳቤህ በጸደይ መርከብ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሄድክበትን የአገራችንን ጦርነት ትተህ እዚያው ወደ ሽመናህ መመለስህን፣ ያን ባሕር ዳግመኛ ለመሻገር ወኔ እንደሌለህ፣ ቤቷን ያከራየችህ መበለት ደግ ሴት መሆኗን ጽፈሃል። የሴትዮዋን ደግነት ሁለት ቦታ ላይ ጽፈኸዋል። ስለዚያ አልጨቀጭቅህም። ደክሞኛል፤ ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል። ግን አንድ ነገር ደርሶብናልና እባክህ ይህን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ጣጣው የመጣው በውሻህ ነው። ዓሣው ከተቀበረ በኋላ ቆፍሮ እንዳይበላው የመንደሩ ውሻ ሁሉ ለሦስት ሳምንት አንድ እግሩ ወደ አንገቱ እንዲታሰር በየዓመቱ ይታወጅ የለ? ታውዘርንም አሰርኩት። በሦስት እግሩ እያነከሰ ሲከተለኝ ሆዴን ይበላኛል፤ ቢሆንም አልፈታሁትም። በሁለተኛው ሳምንት ተኩላ መጥቶ ቀይዋን ፍየል ከበራችን ላይ ወሰዳት። ታውዘር ተነሣ፣ ወደቀ፣ ጮኸ፤ ሌላ ምን ያድርግ? አሁን የቀረችን አንዲት ፍየል ናት፤ የሲስሊ ወተት ከእሷ ነው። ስለዚህ ሲመሽ ገመዱን ፈታሁለት። ፀሐይ ሳትወጣ መልሼ አስረዋለሁ ብዬ ነበር። እንቅልፍ ጣለኝ፣ አምብሮዝ። ቀኑን ሙሉ ስተክል ውዬ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የተኛሁት። ስነቃ ታውዘር የጎረቤታችንን የጃስፐርን ማሳ ቆፍሮ ጨርሷል።

ሐሙስ ዕለት ከበሮው ተመታና ቤተ ክርስቲያናችንም በሆነው በጉባኤው ቤት ቀረብኩ። መንደሩን የሚያስተዳድሩት ሰባቱ ሰዎች ከፊት ተደርድረዋል።

«አርባ ጉብታ!» አለ ጃስፐር፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ። «አርባ ጉብታ በቆሎዬን ፈነቃቅሎ ዓሣውን ቅርጥፍ አድርጎ በላ። ሲያበቃ ደግሞ መጥቶ እኔው ደጃፍ ላይ ተጋደመ! የጠራሁት እንግዳ ይመስል!»

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። የሰባቱ አለቃ አያ ኢዝራ ግን አልሳቀም።

«እመት ቶማሲን፣ ውሻውን ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ኢዝራ። ተኩላ አስቸግሮኝ ነው።»

«ተኩላውማ የሁላችንም ደጅ ይመጣል። ባልሽ ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። ይኸው፣ አዛዥ የሌለው ቤት አንድ ውሻ ማሰር አቃተው። በመርከብ የመጡት ስድስት ቤተሰቦች ደግሞ መሬት አጥተው ጎተራ ውስጥ ተኝተዋል።»

ከዚያ የፈራሁትን ተናገረ። መሬታችን ለአዲሶቹ ይሰጥ። ብቻዋን የምትኖር ሴት በደንባችን አትፈቀድምና እኔ እሱ ቤት ልግባ። ሲስሊ ደግሞ ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ላለ ቤተሰብ በአገልጋይነት ትሰጥ። ሲስሊ ከኋላዬ ቀሚሴን ጨብጣ ይህን ሁሉ ትሰማለች።

«ባልሽ የሚመጣ ከሆነ እንኳ ሌላ ነገር ነው» አለ። «ደብዳቤ ልኮልሻል?»

«ልኮልኛል።»

«ምን ይላል? በይ አንብቢልን።»

ደብዳቤህ ደረቴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት፣ ዘረጋሁት፣ አነበብኩላቸው። በእግዚአብሔር ቤት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ ዓይኔን አንተ በጻፍከው ላይ ተክዬ ያልጻፍከውን አነበብኩ። አያ ኢዝራ እጁን ሲዘረጋ ቶሎ ብዬ አጠፍኩት።

«አሳዪኝ እንጂ።»

«የባልና የሚስት ነገር አለበት፣ አያ ኢዝራ።»

«ኧረ ተዋት!» አለ ጃስፐር። «እኔ ስለ ዓሣዬ መጣሁ እንጂ ስለ መኝታቸው መች ጠየቅሁ?»

ምን ያህል ውለታ እንደዋለልኝ እሱ ራሱ አያውቅም። በማግስቱ አርባውን ጉብታ መልሼ ስተክልለት እያጉረመረመ ቅርጫቱን ይዞልኛል። የጉባኤው ጸሐፊ ግን ያነበብኩትን ቃል በቃል መዝግቦታል። የእጅ ጽሕፈትህን የሚያውቀው ሰባኪያችን ቦስተን ነው ያለው። አዝመራው ሲሰበሰብ ይመለሳል፤ ያኔ ደብዳቤውን አይቶ ያረጋግጥ፣ እስከዚያ መሬቱም ሲስሊም አይነኩ ተብሏል። የሚያየው ያንን ስለ መበለቷ የጻፍክበትን ደብዳቤ ከሆነ እኔ በጉባኤ ፊት የዋሸሁ ሴት ነኝ፤ ሲስሊንም በዚያው ቀን ይወስዷታል።

ና አልልህም። የምፈልገው እስከ ጸደይ ብቻ ነው። በጸደይ መሬቱን ከያዝን አምስት ዓመት ይሞላል፤ አምስት ዓመት የታረሰ መሬት ደግሞ በዚህ መንደር ደንብ አይነጠቅም። ከዚያ ወዲያ ታመመ ልበል፣ መርከብ አጣ ልበል፣ ሰበቡን እኔ አላጣውም። ኃጢአቱም የእኔ ይሁን። አንተ ብቻ ከዚህ በታች ያለውን በእጅህ ገልብጥ፤ በጸደዩ መርከብ የመጣው እንዲመስል ቀኑን መጋቢት አድርገውና በመጀመሪያው መርከብ ላክልኝ። ያነበብኩት እንዲህ ይላል፦

«የተወደድሽ ሚስቴ ቶማሲን፣ ጦርነቱ ይዞኝ እንጂ ረስቼሽ አይደለም። በመጪው ጸደይ በመጀመሪያው መርከብ እመጣለሁ። እስከዚያ መሬቱን ያዢልኝ፤ ሲስሊን ከዓይንሽ አታርቂያት። ማታ ማታ ሳቅሽ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል፤ በሰው ቤት ተቀምጬ አንቺን እናፍቃለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር ማንም አልጠየቀኝም። ለመሬቱም ለሲስሊም አታስፈልግም ነበር። እያነበብኩ ሳለሁ ከአፌ ወጣች። ጸሐፊው መዝግቧታልና እሷንም መጻፍ ግድ ሆኖብሃል። ይቅር በለኝ። ስትጽፋት ግን አትቸኩል።

እግዚአብሔር እጅህን ይባርክልህ፤ ያን የክረምት ሳልህን ያርቅልህ። ታውዘር ሦስት ሳምንቱን ጨርሶ በአራት እግሩ እየሄደ ነው። ሲስሊ «አባቴ እውነት በጸደይ ይመጣል?» እያለች ትጠይቀኛለች፤ «ጉባኤው ውስጥ ስታነቢ ሰምቼሻለሁ» ትለኛለች።

እስከ ጸደይ ሚስትህ የሆነችው፣
ቶማሲን