ስለ በረንዳው የአሉሚኒየም ወንበሮችና ስለ መምሬ ገብረመስቀል መውደቅ

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለላስታ ወረዳ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ላሊበላ

አመልካች፦ ወ/ሮ ባንቺዓለም ምናለ
ተጠሪ፦ ይማርሽ የእንግዳ ማረፊያ

ጉዳዩ፦ ከሥራ የተሰናበትኩበት ምክንያት እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በተጠሪ ማረፊያ ስድስት ዓመት በጽዳት ሠራተኝነት አገልግያለሁ። በረንዳው ላይ ያሉትን አሥር የአሉሚኒየም ወንበሮች የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ወንበሮቹን ከአዲስ አበባ ያመጡት ሰው በለብታ ውሃና በሳሙና እንዳጥብ፣ በለስላሳ ጨርቅ እንዳደርቅ፣ ክረምት ሲገባ ወደ ቤት እንዳስገባ አሳይተውኛል። አራት ዓመት እንደዚያው ያዝኳቸው፤ አዲስ እንደመሰሉ ነበሩ።

2. በ2000 ዓ.ም. አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሰውአገኝ መጡ። «አሉሚኒየም አይዝግም፣ ምን ያሞላቅቀዋል?» ብለው ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ላይ ተዋቸው። የወለቁት ብሎኖች በተራ የብረት ብሎን ተተኩ። የርግብ ኩስ ቶሎ እንዲለቅም በበረኪና እንዳጥብ አዘዙኝ። አልደብቅም፣ አጥቤያለሁ፤ እንጀራዬ ነውና እምቢ ማለት አልቻልኩም። ቀለሙ ሲላጥ፣ በብሎኖቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶ እግሩ ሲቦረቦር ባየሁ ጊዜ ግን ሁለት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «አንቺ መጥረግሽን ጥረጊ» አሉኝ።

3. እሑድ ኅዳር 20 ቀን የነፍስ አባቴ መምሬ ገብረመስቀል አዲሶቹን ክፍሎች ጸበል ሊረጩ መጡ። ሲጨርሱ ደክሟቸው ስለነበር ወንበር ስቤ ያቀረብኩላቸው እኔው ነኝ። ገና ከመቀመጣቸው የወንበሩ እግር ከብሎኑ ላይ ተቆርጦ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ወደቁ። የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። አርባ ዓመት ለማኅሌት የቆሙ አባት ዛሬ ሰው ካላገላበጣቸው አይዞሩም።

በሦስተኛው ቀን «በገዛ ፈቃዷ በረኪና ተጠቅማ ንብረት አበላሽታለች፣ ሰው ለጉዳት አጋልጣለች» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። የተሰበረው ወንበር ወዲያው ተጣለ። የቀሩት ዘጠኙ የብር ቀለም ተቀብተው በረንዳው ላይ ተመልሰዋል። የተቦረቦረው ከቀለሙ ሥር ነው፤ ለዓይን አይታይም።

4. ልጠይቃቸው ስሄድ መምሬ ፊት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ይቅር እንዲሉኝ እግራቸው ሥር ስወድቅ፣ «ተነሽ ልጄ። ይልቅ ሌሎቹን ወንበሮች አነሷቸው?» አሉኝ። አልተነሡም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ለገና ከሙጃ፣ ከብልባላ በእግሩ የሚመጣው ደካማ ሽማግሌ አረፍ የሚለው እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

5. ስለዚህ ክቡርነትዎ፦ አንደኛ፣ ብረት ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ተልኮ የአንዱን ወንበር ብሎን ፈትቶ ውስጡን እንዲያይ፤ በረኪናውን ማን እንዳዘዘም ትሁን የምትባለው የጽዳት ባልደረባዬ በምስክርነት እንድትጠየቅልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። የእኔ ጥፋት ሆኖ ከተገኘ ውሳኔውን እቀበላለሁ።

ሁለተኛው ግን የእኔ ነገር እስኪጣራ የሚቆይ አይደለም። ለገና የቀረው አሥራ ሰባት ቀን ነው። ቢፈረድብኝም ቢፈረድልኝም፣ እባክዎ፣ አስቀድመው ወንበሮቹን ያስነሡልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

ባንቺዓለም ምናለ
(ፊርማ)