የነፍጤ አንገትና የአልጋዬ ጠፍር

እሑድ፣ ታኅሣሥ 9

ጉድ ሰማሁ። ከቅዳሴ ስንወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ድንጋይ ላይ ቆሞ ለፈፈ። ዓርብ መሣሪያ ይመዘገባል። ቤትና ማሳ የሚጠብቅ ጠመንጃ ተመዝግቦ ከባለቤቱ ዘንድ ይቆያል። ጦርነት የዋለ ግን ለመንግሥት ገቢ ይሆናል።

የኔ ነፍጥ የአባቴ ነው። ባሩዱንም አረሩንም በአፉ የሚጎርስ፣ ቁመቱ ከኔ የሚስተካከል። ከጎረሰ ስንት ዘመኑ! በዚህ አገር እንደሱ ያለ ሌላ አልቀረም። አንገቱ ላይ፣ ሰደፉ ወደ ቃታው በሚቀጥንበት፣ እንጨቱ ተሰንጥቋል። እንዴት እንደተሰነጠቀ አገር ያውቃል፤ ተናጋሪው እኔው ነኝ። «በደርግ ጊዜ ወታደር በሰደፍ ብዬበት ነው» ብያለሁ። በሰርግ ብያለሁ፣ በማኅበር ብያለሁ፣ በደቦ ብያለሁ። መጀመሪያ ወታደሩ አንድ ነበር። አሁን ሦስት ደርሰዋል።

እውነቱን ለዚህ ደብተር ብቻ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የበሩ መቀርቀሪያ ተሰበረ። ሌላ መቁረጥ ታከተኝ። ነፍጡን መቀርቀሪያ አደረግሁት። ወይፈኑ በሩን በግንባሩ ገፋ። ቀጭ አለ። ይኸው ነው ውጊያው።

ይህን የምታውቅ እህቴ እማሆይ ጥሩ ብቻ ናት። ከመነኮሰች ወዲህ በፊቷ አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን እህቴ ናት።

ስንጥቁን አጠፋዋለሁ። ካልታየ የሚጠይቅ የለም። አራት ቀን አለኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

የሠራሁት፦
የቆየውን እድፍ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅሁ። ከሥሩ ወይራው ቀይ ሆኖ ወጣ። እንዲህ ያማረ መሆኑን ረስቼው ነበር።
ስንጥቁን በመርፌ ጠረግሁ።
ከላሊበላ ገበያ የመጣ ኮላ አንቆረቆርሁበት። በሲባጎ አሰርሁት።
አውራ ጣቴ ከሰደፉ ጋር ተጣበቀ። በሙቅ ውኃ ተፋታን።

ነፍጡን በየዓመቱ ለመስቀል ቅቤ የምትቀባው ባለቤቴ ነበረች። ራሷን ከተቀባችው የተረፈውን ለሱ ታደርገዋለች። «ሁለታችሁም ደረቅ ናችሁ፤ እሱ ግን ሲቀቡት እሺ ይላል» ትለኝ ነበር። አራት መስቀል አለፈ፣ የቀባው የለም። ጥፋቱ የወይፈኑ ብቻ አይደለም እንግዲህ።

በቅል የተረፈች ቅቤ ነበረችኝ። ልቀባው ስል እማሆይ ጥሩ ገባች።

«ካሣው! በነቢያት ጾም?»

«የሚበላው ነፍጡ ነው፣ እማሆይ። እኔ መቼ በላሁ?»

«ስታነጣጥር ጉንጭህ የት ነው የሚያርፈው?»

«ከሰደፉ።»

«ከጉንጭህ እስከ ከንፈርህ ስንት ጣት ነው?»

ለካሁት። ሦስት ጣት ነው። ቅቤውን ወደ ቦታው መለስሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ኮላው ከዳኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ብጫነው፣ ቀጭ። ያው የወይፈኑ ድምፅ።

እማሆይ ቆማ አየችኝ። «ጠፍር አርሰህ ጠምጥምበት። ሲደርቅ አንቆ ይይዘዋል።»

«ይታያላ!»

«ይታይ።»

«ከታየ ይጠይቁኛል።»

«ከጠየቁህ ትመልሳለህ። አፍ የለህም? በሰርጉ ሁሉ ነበረህ።»

ከመነኩሴ ጋር ክርክር አይሆንም።

ጠፍር በጾም ከየት ይመጣል? የሚታረድ የለ። አልጋዬን አየሁት። ከራሴ ወገን ሁለት ጠፍር ፈታሁ። የባለቤቴን ወገን አልነካሁም። ካረፈች ወዲህ ተኝቼበትም አላውቅ።

ጠፍሩ ውኃ ውስጥ ዋለ። ወደ ማታ እንደ ጨጓራ ለስልሶ ወጣ። እየሳብሁ ዐሥራ አንድ ዙር ጠመጠምሁት። የቄስ ጥምጥም መሰለ፤ አማረበት።

በቅቤ ፈንታ እማሆይ ተልባ ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች። ከላይ የሰፈፈውን ዘይት በማንኪያ ቀልባ ሰጠችኝ። እንጨቱን ቀባሁት፣ ጠጣው። ደገምሁለት፣ ጠጣው። ተጠምቶ ኖሯል ምስኪን።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12

ሚካኤል ነው። ሥራ የለም። ጠፍሩ ፀሐይ ይምታው ብዬ ነፍጡን አጥር ላይ ሰቅዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ይህን ያደረገ ሰው ሽማግሌ ተብሎ ይቀመጣል?

ስመለስ ነፍጡ መሬት ላይ ነው። ውሻዬ ባሻ አጠገቡ ተኝቶ ከንፈሩን ይልሳል። ዐሥራ አንዱንም ዙር በልቶታል። ሰደፉ ላይ የጥርሱን ማኅተም ትቷል።

እማሆይ እስክታነባ ሳቀች። «እሰይ! አሁን እንኳ በእውነት ከጠላት ጋር ተናነቀ።»

የባሰው ደግሞ ቀደም ብሎ ሆኗል። ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤቴ አያ ጌጡ ሊቀመንበሩን ይዞ ቆመ። «የካሣውን ነፍጥ ስትመዘግቡ በክብር ያዙት! ሦስት ወታደር የጣለ ነው!» ይላል። ማመስገኑ ነው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ተው እንጂ አያ ጌጡ።»

«ምን ተው ትለኛለህ? አንተው አይደለህ የነገርኸኝ?»

እውነቱን ነው። እኔው ነኝ። ሊቀመንበሩ ነፍጤን በልቡ ጻፈው፤ ዓይኑ ላይ አየሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 13

ሌላ ሁለት ጠፍር ፈታሁ፣ ያውም ከራሴ ወገን። የኔ ጎን አሁን ገደል ሆኗል። ትናንትም ዛሬም መኝታዬ መደብ ላይ ነው።

በጧት አርሼ ጠመጠምሁ። ዐሥራ ሦስት ዙር። ከምድጃው በላይ ሰቀልሁት። ባሻ ታስሯል። ይጮኻል፤ ይጩህ።

ተልባውን ደገምሁ። የጥርሱን ምልክት በጠርሙስ ብፍቀው ብፍቀው አልጠፋም። ተውሁት። ይኑር።

ነገ ቢጠይቁኝ የምላቸውን አሰብሁ፦
ለጌጥ ነው።
አባቴ ነው የጠመጠመው። (ጠፍሩ ትናንት አልጋ እንደነበር ያስታውቃል።)
አላውቅም። (ይህ ለኔ አይሆንም። አላውቅም ብዬ አላውቅም።)

ጦርነት ዋለ ብል የአባቴን ነፍጥ አጣሁ። መቀርቀሪያ ነበር ብል ጌጡ እስኪሞት ይስቅብኛል። እሱ ደግሞ የሚሞት አይመስልም።

ወደ ማታ አወረድሁት። ጠፍሩ ቀንድ ሆኗል። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተጫንሁት። ዝም። ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንሁት። ዝም! ብቻዬን እልል አልሁ። ባሻም አብሮኝ ጮኸ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 14

ነፍጤን በነጠላ ጠቅልዬ ሄድሁ። ነጠላው ተጣበቀበት። ዘይቱ አልደረቀም ለካ።

መዝጋቢው ከወረዳ የመጣ ወጣት ነው። ተቀበለኝ፣ እጁ ተያዘ። መዳፉን ሲያነሳ ወረቀቱ ከሰደፉ ላይ ተለጠፈ።

«አባቴ፣ ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ተልባ ነው ልጄ። ጾም ስለሆነ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አለፈልኝ ስል ጣቱን አንገቱ ላይ አሳረፈ።

«ይህስ ለምን ተጠመጠመ? ውጊያ ላይ የተሰበረ ነው ይባላል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?»

አያ ጌጡ እንደ ጠበቃ አንገቱን ይነቀንቅልኛል። ከኋላዬ እማሆይ ጥሩ አንዴ አሳለች። ጉንፋን የለባትም።

ጠፍሩን አየሁት። የሰርጌ አልጋ ጠፍር ነው። ከሱ ጋር ውሸት አብሮ አልታሰረልኝም።

«መቀርቀሪያ ነበር» አልሁ።

«ምን አሉ?»

«የበር መቀርቀሪያ! አዲስ መቁረጥ ታክቶኝ በሱ ዘጋሁ። ወይፈን ገፍቶ ሰበረው። ጦርነት የሚባል ባጠገቡ አላለፈም።»

ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። አያ ጌጡ ብቻ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ሦስቱ ወታደሮችስ፣ ካሣው?»

«አንድ ወይፈን ነው፣ አያ ጌጡ። ግን ያን ወይፈን ታውቀዋለህ፤ ከሦስቱ ይከብዳል።»

መዝጋቢው ዓይኑን ጠርጎ ጻፈ። «የነፍጡ ቁጥር?»

«ቁጥር የለውም።»

«ምንም?»

«እኔም የለኝም። ሁለታችንንም በመልክ ነው የሚያውቁን።»

ቀለም የነካ ጨርቅ አቀረበልኝ፣ ጣት ላሳርፍ። እንቢ አልሁ። መሠረተ ትምህርት የተማርሁት ለምኔ ነው? ብዕሩን ተቀብዬ «ካሣው» ብዬ ጻፍሁ። ላሳምረው ብዬ ጊዜ ወሰደብኝ። ከኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። ወረቀቱንም ሳላነብ አልቀበልም ብዬ ራሴ ፊደሉን ቆጠርሁት። ቤት ጥበቃ ይላል። በስሜ ነው።

ነፍጤን ይዤ ወጣሁ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እግሬ ግን ቀሎኛል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 15

ገና ሳልታጠብ ከውጭ ጩኸት መጣ። «ቤቶች! ነፍጡን አንሱና በሩን ክፈቱልኝ!» አያ ጌጡ ነው። አላልሁም?

ከፈትሁለት። ትከሻው ላይ ትናንት የጠረበው ወፍራም የወይራ መቀርቀሪያ ተሸክሟል። በሩ ላይ ራሱ ለክቶ አስገባው። ልክ ሆነ።

«ወይፈንህ ሦስት ወታደር ያክላል ስላልኸኝ አወፈርሁልህ» አለ። «በል ነፍጡ ይረፍ።» ጠላ ቀዳሁለት። ታሪኩን ከመጀመሪያው ንገረኝ አለኝ። ነገርሁት። ሲሄድ እያሽካካ ነው፤ ፍላቂት ከተማ ድረስ ሳያደርሰው አይቀርም።

ነፍጡን ድሮ ባለቤቴ የምትሰቅልበት ካስማ ላይ መለስሁት፣ ከአልጋው በላይ፣ በሷ ወገን። የጥርሱ ምልክት ወደ ግድግዳ ዞሯል። ዘይቱ አሁንም እጅ ይይዛል። ለልደት ይደርቅ ይሆናል፤ ላይደርቅም ይችላል።

እማሆይ መጥታ አልጋዬን አየችው። በኔ በኩል ጥጃ ያሳልፋል። «ጾሙ ሳይፈታ ጠፍር አታገኝም» አለች።

መደቡ ጎኔን ፈጅቶታል። ዛሬ በሷ ወገን እተኛለሁ። እንቢ የምትለኝ አይመስለኝም። ድሮም ጠጋ ብላ ቦታ ትሰጠኝ ነበር።