ቦይ ውስጥ ስለተኛው ቧንቧችን

ለተከበሩ የቀጠናችን የውኃና ፍሳሽ ጉዳይ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሆድዎስ? ስለ ሆድዎ ለይቼ መጠየቄን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በእኛ መንደር፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በታች ባለው ቁልቁለት፣ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው እሱኑ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቤተሰብዎም፣ ሠራተኞችዎም፣ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ በመስተዋት የተሰቀለው የዜጎች ቻርተርም በደህና እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም ሰው እንዲያነበው አድርጌ የምጽፈው፣ ቀደም ሲል በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ምናልባት መታሸጋቸው አስቸግሮዎት ይሆናል ብዬ ነው። ይኸኛውን መክፈት አያስፈልግም።

አንደኛ፦ አምና በመንደራችን ቦይ ሲሠራ ለዘጠኝ ቤት የመጠጥ ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ በዚያው ቦይ ውስጥ እንዲተኛ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ሌላው ሰፈር ንጹሑን ለብቻ፣ ቆሻሻውን ለብቻ ሲያስኬድ እኛን ከእንዲህ ያለ መለያየት ጠብቀውናል። የቧንቧው አንዱ መጋጠሚያ በዚያው ሰሞን ተሰንጥቆ ሠራተኞችዎ በጎማ ቁራጭ ጠፍረውት ሄደዋል። ውኃ በሚመጣበት ማክሰኞ መጋጠሚያው ወደ ውጭ ይተፋል። በቀሩት ስድስት ቀናት ግን ቧንቧው ባዶ ስለሚሆን በቦዩ የሚወርደውን የላይኞቹን ቤቶች የልብስ እጣቢና ስሙን የማልጠራውን ሌላውን ነገር ወደ ውስጥ ይስባል፤ ማክሰኞ ሲደርስም ያንኑ በየቤታችን ያድለናል።

ሁለተኛ፦ ሠራተኞችዎ ለሥራ ክፍፍል ያላቸው ክብር እጅግ አስደንቆናል። የቧንቧ ጥገናው ቡድን መጣ፣ ጎንበስ ብሎ መጋጠሚያውን አየና «እትዬ፣ ይሄማ ቦይ ውስጥ ነው፤ ቦይ እኛን አይመለከትም» ብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ሳምንት የቦይ ጽዳቱ ቡድን አካፋውን ይዞ ደረሰ። ከላይ ጀምሮ አሳምሮ ሲጠርግ መጥቶ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ሁለት ክንድ ያህል ዘለለና ከበታቹ ቀጠለ። ለምን ብንላቸው «ማዘር፣ ቧንቧ ከነካን እንጠየቃለን» አሉን። ስለዚህ ዛሬ የመንደሩ ቆሻሻ በሙሉ የሚጠራቀመው በእነዚያ ሁለት ክንዶች ላይ ብቻ ነው። ሌላው የቦዩ ክፍል ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ንጹሕ ነው።

ሦስተኛ፦ ውኃችንን አክመንና አፍልተን እንድንጠጣ በየበራችን ስለለጠፉልን ማስታወቂያ ምስጋናችን ይድረስዎ። ትእዛዝዎን እየፈጸምን ነው። ማክሰኞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጀሪካኖች ለሽንት ቤት፣ ቀጣዮቹን ሁለት ለልብስ እንይዛለን፤ አምስተኛውን እስኪጠልል አስቀምጠን፣ በነጭ ጨርቅ አጥልለን፣ የማከሚያውን ፈሳሽ በክዳን ለክተን ጨምረን ደግሞ እናፈላዋለን። በቤቴ ውስጥ ከምንም ምግብ በላይ ረጅም ጊዜ እሳት ላይ የሚቆየው ውኃ ሆኗል።

የጎረቤቴ የዘኪያና የባለሱቁ የቡሽራ ልጅ ጀና ግን ማስታወቂያዎን ማንበብ አልቻለችም። አራት ዓመቷ ነው። ማክሰኞ ቧንቧው ሲንኮሻኮሽ ከሰማች ከየትም ሮጣ መጥታ አፏን ትደቅንበታለች፤ ዘኪያ እንጀራ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ስትል አንድ ጉንጭ ከጠጣች በቂ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ሦስት ጊዜ ታመመች። በሦስተኛው ሦስት ቀን ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች። ሐኪሙ ዘኪያን «ይህን ውኃ አትስጫት» ቢላት «እሺ ዶክተር፣ የትኛውን ልስጣት?» አለችው። ቧንቧ የሐኪም ሥራ ስላልሆነ ጥያቄዋን ወደ እርስዎ አስተላልፌያለሁ።

አራተኛ የምለው አልነበረኝም። ባለፈው ሐሙስ ግን ከቡሽራ ሱቅ ምስር ገዝቼ ቤቴ ገባሁና መጠቅለያውን ስዘረጋው የመሥሪያ ቤትዎን ማኅተም አየሁ። ቡሽራ ለመጠቅለያ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይገዛል፤ የእርስዎ የመስመር ዝርጋታ መመሪያም በዚያው መንገድ ደርሶታል። ገጽ አሥራ አራት ላይ የመጠጥ ውኃ መስመር በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ማለፍ እንደሌለበት፣ ቦይ ማቋረጥ ግድ ከሆነበትም ከቦዩ በላይ በብረት ሽፋን ውስጥ እንደሚያልፍ ተጽፏል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገጹ ከምስር በፊት አንድም ሰው የነካው አይመስልም።

ክቡርነትዎ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። በመንደራችን ቶለሳ የሚባል የቧንቧ ባለሙያ አለ፤ ገና በሚያዝያ ቧንቧውን በግማሽ ቀን ከቦዩ አወጣዋለሁ ብሎን ነበር። ያለ ፈቃድ መንካት ያስቀጣል፣ ማመልከቻ እናስገባ፣ መልስ እንጠብቅ እያልኩ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጀና ለሦስተኛ ጊዜ የታመመችው እኔ መልስ እንጠብቅ ባልኩበት ሳምንት ነው። ይህን ለእናቷ ለመናገር እስከ ዛሬ አፌ አልታዘዘልኝም፤ ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ታነበዋለች።

ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ቦዩ ሲሞላ መጋጠሚያው የሚስበው ነገርም አብሮ ይበዛል። ከእንግዲህ አንጠብቅም። በዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የዘጠኙም ቤት ሰው በተገኘበት፣ ቧንቧውን ከቦዩ አውጥተን በመመሪያዎ ገጽ አሥራ አራት መሠረት በላይ በኩል እናሳልፈዋለን። ቡሽራ ገጹን ሁለት ቅጂ አስነሥቶልናል፤ አንዱን ለቶለሳ ሰጥተናል፣ ሁለተኛውን ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁ፤ ቢሮዎ ውስጥ ሌላ እንደማይኖር እገምታለሁ። ለመክሰስ ቢያስቡ ጥፋተኛውን በመፈለግ እንዳይደክሙ ከታች ያለው ስም የእኔ ነው፤ ዶማውን የማነሣውም ቀድሜ እኔ ነኝ።

ቧንቧም ቦይም ሳይነኩ በሰላም እንዲሰነብቱ ከልብ የምትመኝልዎ፣ ማክሰኞን በፍርሃት የምትጠብቅ አክባሪዎ፣

አበራሽ ኡርጌሳ
ከቀጨኔ ቁልቁለት

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤው ጋር የማክሰኞውን ውኃ በአንድ ጠርሙስ ለመዝገብ ቤትዎ ላስረክብ አምጥቼ ነበር። የበር ጥበቃው አቶ ወልዱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ካዩ በኋላ በታላቅ ትሕትና «እህቴ፣ የሽንት ምርመራ እዚህ አይደለም፤ ጤና ጣቢያው ቀጣዩ በር ነው» አሉኝ። ስለ ውኃችን ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘነው የመጀመሪያ መልስ ስለሆነ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።