አይታ ያረገዘችው የአክስቴ ልጅ

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ?

የአየር ንብረት ተመራማሪዋ የአክስቴ ልጅ ዛሬ መሥሪያ ቤቷ ወሰደችኝ። የኮምፒውተሮቹ ክፍል እንደ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ የሚፈጨው ግን ቁጥር ነው።

«ነገ ይዘንባል?» ብላት ሳቀችብኝ።

«እሱ የዕለት አየር ነው፤ የአየር ንብረት ግን የብዙ ዓመት ጠባይ ነው። ምድር ላይ ሞክረን ብናበላሻት ሌላ የለንም፤ ስለዚህ አምሳያዋን ኮምፒውተር ውስጥ ሠርተን እዚያ እንሞክራለን።»

«በዚህ ሙቀት ልጅ እንዴት ይወለዳል?» ያልሽኝን ነገርኳት። የገፋ ሆዷን ዳበስ አደረገች።

«እኔም እፈራለሁ። ግን አምሳያዋ ውስጥ የፋብሪካውንና የመኪናውን ጭስ ስናቆም ሙቀቱም መጨመሩን ሲተው ደጋግሜ አይቻለሁ። አይቼ ነው ያረገዝኩት።»

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ባልሽን ግን ለራስሽ ሳሚው!